በስልከኛው እግር የተለካው አዳራሽ

ስሙን በትክክል የሚያውቁት ሁለት ነበሩ፤ እናቱና የቅጥር ደብዳቤው። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል፤ ደብዳቤውንም አይጥ በልቶታል ይባላል። ለቀረው ዓለም ዜሮ ነው። በዚያ ግዙፍ የአውቶቡስ መናኸሪያ ሕንጻ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው መደወል የፈለገ ሰው ዜሮን ይጫናል። ዜሮን ሲጫን ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ለመጥረጊያ ማስቀመጫ ተሠርታ ሰው በስሕተት የገባባት በምትመስል ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዐይነ ሥውር ስልከኛ ያነሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲያነሳ ኖሯል። አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል፤ የጡረተኞቹንና የሟቾቹን ጭምር። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞት ሦስት ቀን ቢቀር፣ በሱ ምትክ የተቀመጠው ሰው የሒሳብ ሹሙን ከሥጋ ቤት ጋር አገናኝቶት፣ ሹሙ በጀት ጠይቆ ሁለት ኪሎ ጎድን ተልኮለታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቃል።

በቀን ስድስት መቶ ሰው ያናግራል። እሺ፣ ሦስት መቶ። ታዲያ ከሦስት መቶው አንዱም እሱን ፈልጎ አይደውልም። ድምፁን ይሰሙና «እገሌን» ይሉታል፤ እገሌን ይሰጣቸዋል፤ በቃ፣ ያልቃል።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ነው። እህትዬው ክፉ ሴት አይደለችም። ግን ዐይኑ ያላየ ሰው ጆሮውም አይሰማም የሚል ጽኑ እምነት ስላላት፣ «ራትህ ተቀምጧል!» ስትል ሦስተኛው ጎረቤት እጁን ታጥቦ ይጠብቃል። ሳህኑን ሁሌም ከራዲዮው በስተቀኝ ታኖርለትና ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ከዚያ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ቤተሰቡ በሙሉ ሲስቅ ይሰማዋል። ምን እንዳሳቃቸው አያውቅም፤ ቢሆንም ሳህኑ ላይ እንዳቀረቀረ አብሯቸው ፈገግ ይላል። የሰው ሳቅ ባዶ እጁን አይመለስም በሚል ይሉኝታ መሆን አለበት።

በዚህ ሁሉ መሃል በቀን ውስጥ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበረችው።

አሥራ አንዷ ደቂቃ የምትጀምረው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመናኸሪያው ዋና በር ነው። እዚያ ቦቲ ትጠብቀዋለች። ቦቲ የታችኛው አዳራሽ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ክረምት ከበጋ ከእግሯ የማይወልቀው የጎማ ቦቲ ጫማዋ በየእርምጃው «ጪው፣ ጪው» ስለሚል፣ ሰው ሁሉ በጫማዋ ስም ይጠራታል። ባሏ ሞቶባታል፤ አንድ ልጇን ድራለች፤ ምላሷ ከመጥረጊያዋ ይፈጥናል፤ መጥረጊያዋም ቢሆን ቀርፋፋ አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሻንጣ ጋሪ የዜሮን ዱላ አዳራሹ መሃል ሁለት ላይ ሲከፍለው፣ «ና በል፣ ክንዴን ያዝ» ብላ እስከ ክፍሉ ያደረሰችው እሷ ነበረች። በማግስቱም አደረሰችው። በሣልስቱም።

አዲስ ዱላ በሳምንቱ ገዛ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ መንገዱን በሆዱ ይዞት አረፈ፤ ከበሩ እስከ መጀመሪያው ምሰሶ ስንት እርምጃ፣ ከሦስተኛው ምሰሶ እስከ ደረጃው መግቢያ ስንት፣ ደረጃው ስንት እርከን፣ የትኛው ንጣፍ እንደተሰነጠቀ ሁሉ። አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የያዘ ራስ መቶ ሰማንያ ስድስት እርምጃ ያቅተዋል ብሎ የሚያምን ሰው ቢኖር ቦቲ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ጠይቃው አታውቅም። እሱም አልተናገረም። ብቻውን ቢሆን አምስት ደቂቃ የማይፈጀው መንገድ በቦቲ ክንድ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ምክንያቱም ቦቲ ስትሄድ ታወራለች፣ ወሬው ሲጥም ደግሞ ትቆማለች።

«ደህና አደርክ፣ ዜሮ? ያዝ ክንዴን። ዛሬ አዳራሹ ጉድ ነው።»

«ምን ተገኘ ደግሞ?»

«አንዱ ፍሪጅ ይዞ መጥቷል። ፍሪጅ! ወንበር ላይ አስቀምጦት እሱ ራሱ ቆሞ ይጠብቃል።»

«ትኬት ቆርጦለታል?»

«መስኮት ዳር ካልሆነ አይሄድም ብሎ እየተጨቃጨቀለት ነው እንጂ!»

«ሥራ አስኪያጁስ ገቡ?»

«ገቡ። ያቺን ቀይ ክራቫታቸውን አጥልቀዋታል። ከሩቅ ስታያቸው ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልክ ውሻ ነው የሚመስሉት። ውሸት ከሆነ ዐይኔ ይፍሰስ!»

«ይፍሰስ ግድ የለም። እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ቦታ አለ።»

«አንተ ሰውዬ!» ትልና ክንዱን ትቆነጥጠዋለች። እንዲህ እየተቆነጠጠ ክፍሉ ይደርሳል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የቦቲው ድምፅ ጪው ጪው እያለ በኮሪደሩ ይርቃል፤ ከዚያ ሦስት መቶው ሰው እገሌን መጠየቅ ይጀምራል።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ስብሰባ አዲስ ሐሳብ ይዘው በተመለሱ ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም፤ ወይ እስክሪብቶ ወይ ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ። የአሁኑ ሐሳብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር። የማያዩ ሰዎች ሳይመሩ በመናኸሪያው ውስጥ ይሂዱ የሚል ነው። ለዚሁ ሥራ አንድ ወጣት መሐንዲስ ተቀጠረ። ልጁ ከቁመቱ የተነሳ በር ላይ ሲደርስ አስቀድሞ ጎንበስ ይላል፤ አንዳንዴ በር በሌለበትም ከልማድ ብዛት ጎንበስ ይላል። በሁለተኛው ቀን «አንቴና» ተባለ።

አንቴና የክብሪት ሣጥን የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮችን በየምሰሶውና በየማዕዘኑ ለጠፈ። ስልክ የያዘ ሰው ሲጠጋቸው ስልኩ የት እንዳለ ያውቅና፣ በጆሮ ማዳመጫው አንዲት ሴት «አሥር እርምጃ ወደፊት፤ ከዚያ ወደ ግራ ይዙሩ» ትላለች። ሴትዮዋ ጨዋነቷ ያስፈራል። በዕድሜዋ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የሳቀች አትመስልም።

ሥራ አስኪያጁ ዜሮን አስጠሩት። «ስማኝ፣ መርማሪያችን አንተ ነህ። ሠላሳ ቀን ትሄድበታለህ። ልክ ነው ብለህ አሻራህን ስታኖር ለሕዝብ እንከፍተዋለን፤ ሪባን አለ፣ ፎቶግራፍ አለ። እስከዚያው እንዳትሰበርብን ቦቲ ከኋላ ከኋላህ ትከተልሃለች።»

«ከዚያ በኋላስ፣ ጌታዬ?»

«ከዚያ በኋላማ ምን ታደርግልሃለች? ሦስተኛ ፎቅ ሰው ጎድሎናል፤ እዚያ እንመድባታለን። አንተም ተገላገልክ፣ እሷም ተገላገለች!»

ዜሮ ከመገላገሉ ውስጥ የሱ ድርሻ የትኛው እንደሆነ አልገባውም። «እሺ» ብሎ ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ሙከራ ለወሬ እንጂ ለሥራ አልሆነም። አንቴና አዳራሹን የለካው በራሱ እግር ነው፤ የአንቴና አንድ እርምጃ የሌላ ሰው አንድ ተኩል ይሆናል። ዜሮ ሴትዮዋ ያለችውን አንድም ሳያጓድል ቆጥሮ ቢሄድ፣ እሷ ቀኝ ባለችበት ቀኝ ቢዞር፣ ገና ግማሽ መንገድ ላይ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገብቶ ቆመ። ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጩኸታቸውን ሲለቁት ጨዋዋ ሴትዮ በጆሮው «እባክዎ ደረጃውን በጥንቃቄ ይውጡ» ትለው ነበር። ቦቲ በሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹ ናቸው ያነሷት።

ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም። አንቴናን አዳራሹ መሃል አቁመው ሕግ አወጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ እግር አይቆጠርም! የዜሮ እግር ነው ሕጉ። ዜሮ አሥር ካለ አሥር፣ ሃያ ካለ ሃያ ብለህ ትጽፋለህ።»

«ጌታዬ፣ በሜትር ብንለካውና…»

«ዐይነ ሥውር በሜትር ነው የሚሄደው?»

ይህን ክርክር የሚረታ መሐንዲስ ገና አልተወለደም። አንቴና ጎንበስ ብሎ «እሺ» አለ።

በአራት ቀን ሁሉም ተስተካከለ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ዜሮ ማዳመጫውን በቀኝ ጆሮው ሰክቶ፣ ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከበሩ ተነስቶ ክፍሉ ገባ። አንድ እርምጃ አልጎደለም፤ አንድ እርምጃ አልተረፈም። መሣሪያው ከሚስማር ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር። ቦቲ ከኋላው እያጨበጨበች ደረሰች።

«ጎበዝ! እንግዲህ ክንዴ አረፈ በለኛ!»

ለቀልድ ነው ያለችው። እሱ ግን ወንበሩን ይዞ ቆመ። በሃያ አምስት ቀን ውስጥ አሻራውን ያኖራል፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ በቀኑ ውስጥ እሱን ብሎ የሚያናግረው ሰው አይኖርም። ከራዲዮው በስተቀኝ ያለው ሳህን አለ፤ እሱ ደግሞ አያወራም። አንቴና እስክሪብቶውን ይዞ «እንዴት ነበር ጋሼ?» ሲለው አፉ ከልቡ ቀድሞ ተናገረ።

«ከሦስተኛው ምሰሶ እስከ ደረጃው መግቢያ ሁለት እርምጃ ይጎድላል።»

«አሥራ አራት ነው ያለው። አሥራ ስድስት ላድርገው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ትናንት ልክ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«ትናንት ሌላ ጫማ ነበር ያደረግኩት።»

ሰውየው በዓለም ላይ ያለው ጫማ አንድ ነው። አንቴና ግን ሕግ ያከብራል፤ ጻፈ። በማግስቱ ዜሮ በለመደው በአሥራ አራተኛው እርምጃ ላይ ታጥፎ ወጣና «አሁን ሸጋ ሆነ» አለ። በዚያው አፉ ከደረጃው በኋላ ያለው ኮሪደር ሦስት እርምጃ ይበዛል አለ። ከዚያ የመጀመሪያው ምሰሶ። ከዚያ የትኬት መስኮቱ። ውሸት እንደ ውሃ ነው፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ማታ ማታ ራቱን እየበላ የነገውን ስሕተት ይመርጥ ጀመር፤ ሰው የነገ ሸሚዙን እንደሚመርጥ። ሠላሳው ቀን ወደ አርባ አምስት፣ አርባ አምስቱ ወደ ስልሳ ተራዘመ። አንቴና ከሚጎትተው ሽቦ ይበልጥ ቀጠነ። ሪባኑ አቧራ ለበሰ።

ዜሮ ግን በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ደልቶት አያውቅም። የቀኝ ጆሮው የጨዋዋ ሴትዮ ነው፤ የግራው የቦቲ።

«የትኬት ቆራጯ እጮኛዋን ተጣላችው መሰለኝ፣» ትላለች ቦቲ ከኋላው፣ «ዛሬ ትኬቱን ስትቀድ የሰውየውን ጆሮ የምትቀድ ነው የሚመስለው።»

«ሰባት እርምጃ ወደፊት» ትላለች ሴትዮዋ።

«ቆዪ እስቲ!» ይላል ዜሮ።

«ማን? እኔ?»

«አይ፣ እሷን ነው። አንቺ ቀጥዪ። ከዚያስ?»

ስልሳኛው ቀን ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ትዕግሥታቸው አለቀ። ከዐይነ ሥውራን ማኅበር አምስት ስድስት ሰው ጠርተው ይሞክሩት አሉ። ጠዋት ላይ መጡ። አንደኛዋ ሹራብ ሠሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ድምፅዋ አዳራሹን ይሞላል። እንደ ዜሮ አጠር ያለች ናት። ዜሮ ምሰሶው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንተ ነህ የለካኸው አሉኝ። እግርህ ይባረክ!» አለችው። «እኔ እኮ ተመርቼ እንጂ ሄጄ አላውቅም። ከእናቴ እጅ ወደ እህቴ እጅ፣ ከእህቴ እጅ ወደ ጎረቤት እጅ፤ ልክ እንደ ውሰት ድስት። እህቴ ደግሞ ነፍሷን ይማርና፣»

«ሞተች እንዴ?»

«ኧረ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው! ስትመራኝ ግን ትጎትተኛለች፤ ክንዴ ከክንዴ ረዝሟል። ዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ። ልቤን እየው እንዴት እንደሚመታ።»

እጁን ይዛ ደረቷ አጠገብ፣ ሹራቧ ላይ አስነካችው። እውነቷን ነው፤ ይመታል። ዜሮ «በርቺ» አላት።

ሹራብ ሠሪዋ ማዳመጫውን ሰክታ ከበሩ ተነሳች። የምትቆጥረው ጮክ ብላ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ይሰማታል። ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ዝም ብለው ቆሙ። የመጀመሪያውን ምሰሶ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መሳቅ ጀመረች፤ ሰው በብርድ ቀን ፀሐይ ሲወጣለት እንደሚስቀው ያለ ሳቅ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ትላለች። ዜሮ በሆዱ አብሯት ይቆጥራል። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት ላይ ነገሩ ትዝ አለው። ከደረጃው መግቢያ ሁለት እርምጃ አልፎ፣ ግድግዳው ላይ፣ የእሳት ማጥፊያ የብረት ሣጥን አለ። የተሰቀለው ልክ በግንባር ቁመት ነው፤ ዱላ ከሥሩ ሲያልፍ ምንም አያገኝም። አሥራ ሦስት። ቁሚ ለማለት አፉን ከፈተ። ቁሚ ካለ ግን ለምን ይሉታል። አሥራ አራት። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«አሥራ አምስት! አሥራ ስድስት!» አለችና ፈጥና ወደ ቀኝ ዞረች።

ዷ! የሚል ድምፅ አዳራሹን መታው።

መጀመሪያ የደረሰው የጎማው ቦቲ ነው። ጪው ጪው ጪው እያለ ሮጠ። የሹራብ ሠሪዋ ግንባር ላይ እንቁላል የሚያህል እባጭ ወጥቷል ሲባል ዜሮ ሰማ። እሷ ግን አልጮኸችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፣» አለች፤ ያ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ሟሙቶ አንድ ክንድ የማይርቅ ሆኗል። «በደስታ እርምጃዬ ረዝሞ ነው። እህቴን ጥሩልኝ፤ ትምጣና ትውሰደኝ።»

ሥራ አስኪያጁ በአንቴና ላይ ጮሁ። መቼም ያን ዕለት ጩኸታቸው በሦስት መንደር ተሰምቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ! ስልሳ ቀን ሙሉ አንድ መታጠፊያ ለክቶ መጨረስ ያቃተው መሐንዲስ!»

ዜሮ አንቴና «ስልከኛው ነው ያለኝ» እስኪል ጠበቀ። እንዲልለትም ተመኘ። ልጁ ግን «ምናልባት እኔ አሳስቼ ጽፌ ይሆናል፣ ጌታዬ» አለ።

ዜሮ ከአግዳሚው ተነሳ። ያለ ዱላ፣ ያለ ማዳመጫ፣ ድምፅ ወዳለበት ሄደ።

«የሱ ጥፋት አይደለም። አሥራ አራት ነው። ከመጀመሪያውም አሥራ አራት ነበር።»

«ታዲያ አሥራ ስድስት ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንዳያልቅ ብዬ።»

«ምኑ?»

ሥራ አስኪያጁ ቢጨቀጭቁት፣ ቢቆጡት፣ «ምኑ ነው የማያልቀው? ተናገር እንጂ!» ቢሉት አልመለሰም። ሹራብ ሠሪዋ ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዛ የቆመችው ቦቲ ግን ገባት። ዝም ማለቷ ራሱ ተሰማው፤ ዝም ብላ አታውቅማ።

«መንገዱን ታውቀው ነበር?» አለችው።

«አውቀው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዱላዬ ከተሰበረ ከሁለተኛው ሳምንት።»

«አራት ዓመት!» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አራት ዓመት ሙሉ የጽዳት ካቦዋ ስታመናጭቀኝ፣ ‹ተዪኝ፣ ሰውዬው አያይም› እያልኩ ሥራዬን ጥዬ… ታምሜ እንኳ ለሱ ስል የመጣሁባቸው ቀናት ነበሩ። ያዘንኩልህን ሁሉ መልስልኝ፣ ዜሮ።»

ቦቲ ሹራብ ሠሪዋን ክንዷን አስይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት። የጫማዋ ድምፅ ሲርቅ፣ ሲርቅ፣ ከዚያ ከአውቶቡሶቹ ጩኸት ጋር ሲቀላቀል ቆሞ ሰማው።

ስብሰባ ተደረገ። ዜሮ ይባረር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ የሒሳብ ሹሙ ግን ጎድኑ ትዝ ብሎት መሆን አለበት ከማንም በፊት ተቃወመ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈ፤ ጸሐፊዋ አነበበችለት፤ አሻራውን አኖረ። አንቴና ሥራው ላይ ቆየ። ሁለቱ አራት ቀን ሙሉ አዳራሹን እንደገና ለኩት፤ በእግርም በሜትርም። አንቴና አልተቀየመውም ነበር፤ ወይም ቂም ለመያዝ ከላይ እስከ ታች ያለው ርቀት በዝቶበት ይሆናል። በአራተኛው ቀን «ጋሼ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ እኮ እኔ ቀስ ብዬ እሠራ ነበር» አለው። ከዚያ ሥራው አልቆ ሌላ ቦታ ተላከ።

ሪባኑ ተቆረጠ። በማግስቱ ሹራብ ሠሪዋ ለብቻዋ መጣች። እህቷን በር ላይ እንኳ አላቆመቻትም። ከበሩ እስከ ደረጃው፣ ከደረጃው እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች፤ ወረደች፤ ደግሞ ወጣች። በሦስተኛው ዘበኛው ግራ ገብቶት «እመቤት፣ ማንን ፈልገው ነው?» ቢላት፣ «ማንንም!» አለችው። «ማንንም አልፈልግም! ዝም ብዬ ነው የምሄደው!» ዜሮ ይህን ከክፍሉ ሆኖ ሰማ። ደስ አለው። ደስታው የራሱን ነገር ባያቀልለትም ደስታ ነበር።

እሱም እንግዲህ ብቻውን ይመጣል። ድሮ ሻንጣ ተሸካሚዎቹ «ኧረ አሳልፉት!» እያሉ ይጯጯሁለት ነበር፤ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ እጅጌውን ይነካው ነበር። አሁን ማዳመጫውን ሲያዩ መንገድ ይለቁለታል። «ተገላገልክ፣ ዜሮ!» ይሉትና ያልፋሉ። በአምስት ደቂቃ ክፍሉ ይገባል። ስልኮቹ ሥራ የሚጀምሩት ሁለት ሰዓት ላይ ስለሆነ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ቦቲ ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ ከራሱ በላይ፣ ምናልባትም ልክ በወንበሩ አናት ላይ። ወለሉ ግን ወፍራም ነው። የጎማ ጫማ ድምፅ አያሳልፍም።

ዘጠኝ ቀን አሰበበት። በዘጠኙ ቀን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሠራ፣ አፈረሰ፣ ሠራ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የሦስተኛ ፎቅ ጽዳት ክፍልን ቁጥር ደወለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለራሱ የደወለው የመጀመሪያው ስልክ ነው፤ ጣቱ ለቁጥሩ እንግዳ ሆኖበት ሁለት ጊዜ ሳተ።

«አቤት፣ ጽዳት ክፍል» አለች ቦቲ።

«ዜሮ ነኝ።»

«ማን ፈልጎኝ ነው? ልጄ ናት?»

«ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።»

ባልዲ ውስጥ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማዋል።

«ምን ሆንክ? መሣሪያው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። ልክ ነው። መንገዱንም አውቀዋለሁ። መሪ አልፈልግም።» ዐረፍተ ነገሩ እዚህ ላይ ጠፋበት፤ ከየት እንዳመጣው የማያውቀው ሌላ መጣ። «ወሬሽ ናፈቀኝ። ጠዋት አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ስለማላይ አይደለም።»

«ይቺን ለማለት አራት ዓመት ፈጀብህ?»

«አዎ።»

«የሚገርም ቀርፋፋ ነህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ ፎቅ የምንገባው ካንተ በግማሽ ሰዓት ቀድመን ነው።»

«ቀድሜ እመጣለሁ።»

«እንዳትመጣ፣» አለች። ድምፅዋ ቁጣም አልነበረበትም፣ ሳቅም አልነበረበትም። «ገና አልበረደልኝም።»

«ሲበርድልሽስ?»

«ሲበርድልኝ ዜሮን መጫን አያቅተኝም።» ስልኩ ተዘጋ።

ሁለት ሰዓት ሞላና መስመሮቹ መጮህ ጀመሩ። የመጀመሪያው ጥገና ክፍልን ፈለገ፤ ሰጠው። ሁለተኛው የጠፋ ዕቃ ማስመለሻን ፈለገ፤ ሰጠው። ሰባተኛው የሴት ድምፅ ነው፤ የሥራ አስኪያጁ ሚስት ናቸው።

በዚያው ሳምንት ሦስት ሰዎች ስልከኛውን ከሰሱ፤ ስልክ ያነሳና ዝም ይላል፣ መስመሩ የተቆረጠ እየመሰለን ስንት ጊዜ ዘጋን ብለው። እውነታቸውን ነው። ያነሳል፤ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ተስቦ እስኪመለስ ያህል፣ «ደህና አደርክ፣ ዜሮ?» የሚለው እንዳለ ጆሮውን ሰጥቶ ይጠብቃል። ከወዲያ በኩል ሰውየው ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ወይ ሴትዮዋ «ሃሎ?» ስትል፣ ያኔ «ማንን ላገናኝ?» ይላል።